ድንኳኑ ያልወጣበት ለቅሶ

ሄርማታ ሰፈር መጥታችሁ ስሜን ብትጠይቁ «ያቺ ቂመኛዋ ልብስ ሰፊ?» ብለው ነው በሬን የሚያሳዩአችሁ። አልከፋም፤ እውነታቸውን ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቂሜን መተው ሲያቅተኝ ጸሎቱን ቀነስኩ። ዛሬ የማወራችሁ ቂሜን እስከ ጥግ የተወጣሁበትን አንድ ቀን ነው። ነገሩ ከጠዋት ተጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልቋል። ከዚያ ቀን በፊት የነበረችው ጥሩወርቅና አሁን ይሄን የምትጽፍላችሁ ጥሩወርቅ ግን ብዙም አይተዋወቁም።

አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ የከተመ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው መንገድ፣ ድሮ የነጋዴ መኖሪያ የነበሩ የእንጨት ፎቆች ተደርድረው ታያላችሁ። ላያቸው ሰገነት፣ ታቻቸው ሱቅ ነው። አባቴ ከእነዚህ ባንዱ በረንዳ ላይ ሲሰፋ ኖሮ ሞተ፤ እኔም እዚያው በረንዳ ላይ፣ እሱ በተወው መኪና እሰፋለሁ። እናቴ ከጀርባ ባለችው ክፍል ትኖራለች። ከእኛ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታችን እቴቴ አስካለ ነበሩ። እናቴና እሳቸው ገና በሙሽርነታቸው እዚህ ሰፈር የገቡ ናቸው። ሁልጊዜ ጠዋት ሲነቁ ግድግዳውን በጣታቸው ያንኳኳሉ፤ ሌላዋ መልሳ ታንኳኳለች፤ አድረናል ለማለት ነው። ቀናቸው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የመንገዱ ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበረው በአንድ እድር ነው። የእድሩ ጸሐፊ ባሌ ነበር። እሱ ሲሞት መዝገቡንና የእቃ ቤቱን ቁልፍ «ለጊዜው ያዢው» ብለው ሰጡኝ፤ ጊዜው ስምንት ዓመት ሆነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ሁሉም በእጄ ነበሩ። ድንኳኑ ሲቀደድ የምጥፈውም እኔ ነኝ። ቁልፉን በማተቤ ላይ አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ሰው ሲሞት ከቄሱም ከሼኩም በፊት የሚፈለገው እኔ ነኝ፤ አልዋሻችሁም፣ ይሄ ነገር ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ስንፍና ግን ነበረብኝ። ባሌ በወር ስብሰባችን ላይ ቀኑንና የተሰበሰብንበትን ጉዳይ ከገጹ አናት ላይ ሳይጽፍ ማንንም አያስፈርምም ነበር። እኔ ችኩል ነኝ። መስመር አሰምርና ስም ጽፌ አስፈርማለሁ፤ የማይጽፉትን አሻራ አስደርጋለሁ፤ አናቱን «በኋላ እሞላዋለሁ» ብዬ ባዶውን እተወዋለሁ። ያ በኋላ የሚባለው ጊዜ ሳይመጣ ሌላ ወር ይደርሳል።

መንገዱ ሊለማ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። ቤቶቹ ያፈሳሉ። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ቦዩ ሲሞላ ውሃው ሱቅ ድረስ ይገባል። ወጣቶቹማ «ይፍረስና እንገላገል» የሚሉም ነበሩ። አብዛኞቻችን ግን የምንለው አንድ ነገር ነው፦ አድሱልን፣ አታንሱን። ገበያችንም፣ መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ደንበኛችንም እዚሁ ነው።

በዚህ መሃል ነው ደረጀ የመጣው። ደረጀ የእቴቴ አስካለ አንድ ልጅ ነው። ከሸቤ ቡና እያመጣ ይነግዳል፤ ቦሳ ኪቶ የሚባል ሌላ ሰፈር ቤት ሠርቶ ከገባ ቆይቷል። ከእሱ በአሥር ዓመት እበልጣለሁ፤ ያዘልኩት ልጅ ነው። አፉ ማር ነው።

«እትዬ ጥሩ» አለኝ በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ «ዝም ካልን ያፈርሱናል። የተቃውሞ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። እዚህ የሚኖረው ማን ማን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ግን ያስፈልገኛል።»

«የእድሩ መዝገብ አይበቃህም?» አልኩት። ያልኩት እኔው ነኝ።

«ሙሉውን አይደለም፤ የቅርቡን ገጽ ብቻ። ማሎ፣ እባክሽ እትዬ ጥሩ፣ ለእናቴም ለእናትሽም ብለሽ።»

ገጹን ቀድጄ ሰጠሁት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ስብሰባ ተጠራን። ከመድረኩ ላይ አንድ የቢሮ ሰው፣ ከጎኑ ሕንፃውን ይሠራል የተባለው ባለሀብት፣ ከባለሀብቱ ጎን «የነዋሪው ተወካይ» ተብሎ ደረጀ ተቀምጠዋል። የቢሮው ሰው ቤቶቹ ፈርሰው የገበያ ሕንፃ እንዲሠራ፣ እኛም ከከተማው ዳር ምትክ እንድንወስድ ነዋሪው መስማማቱን አነበበልን። ሰውዬው የያዘውን ነው ያነበበው፤ በእሱ አልፈርድም። «እኛ መች ተስማማን?» ሲባል ወረቀቱን አወጣና አሳየን።

ወረቀቱ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። መስመሩ የኔ ነው። ስሞቹ በኔ እጅ የተጻፉ ናቸው። ባዶ በተውኩት አናት ላይ ግን በሌላ ሰው ጽሕፈት «በልማቱ የተስማሙ ነዋሪዎች» ተብሎበታል። ወረድ ብሎ የእናቴ አሻራ አለ፤ ከእሱ ሥር የእቴቴ አስካለ አሻራ። እቴቴ አስካለ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ፤ ከዚያ የገዛ አውራ ጣታቸውን አዩ፤ ከዚያ መድረኩ ላይ ያለውን ልጃቸውን አዩ።  ከሚሠራው ሕንፃ ምድር ቤት ለደረጀ ሱቅ ቃል እንደተገባለት የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛችን ሐጂ ሙዘሚል ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሲናገሩ ቃል የሚመጥኑ ሽማግሌ። ገና ቁጭ እንዳልን «ጥሩዬ፣ ገጹ እንዴት ወጣ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ተቀዶ ነው የተወሰደው» አልኩ።

ውሸት አይደለም፤ ተቀዷል፣ ተወስዷልም። ማን እንደቀደደው ግን አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ ደረጀ የሰረቀው መሰለው፤ እኔም ይምሰላችሁ ብዬ ዝም አልኩ። ደረጀ ከእንግዲህ ከሰፈሩ ሐዘንም ደስታም እንዲገለል ሲወሰን ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እጅ የኔ ነው። መጨረሻ ላይ የወጣው የእቴቴ አስካለ ነበር። ሐጂ «እርስዎ እንኳ ቢቀርብዎ ማንም አይቀየምም» ቢሏቸው፣ «ልጄ ነው» አሉ፣ «ግን ጣቴን የሰረቀኝ ልጄ ነው» አሉና እጃቸውን አወጡ።

ከዚያ በኋላ እህል መቅመስ ተዉ። እናቴ በግድግዳው በኩል «ብዪ እንጂ አስካለ» ስትላቸው እሰማ ነበር። ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም።

የዚያን ቀን ጠዋት፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን፣ እናቴ ጠራችኝ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ግድግዳው ላይ አድርጋለች።

«ጥሩ፣ አስካለ አልመለሰችልኝም።»

ሄጄ በሩን ገፋሁት። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወደ እኛ ግድግዳ ዞረው ተኝተዋል። ቀዝቅዘዋል። ከአፌ የወጣውን ጩኸት እኔም አልሰማሁትም፤ እናቴ ግን እዚያ ማዶ ሆና በሁለት እጇ ግድግዳውን ስትመታው ሰማሁ።

የእድሩ ለፋፊ ጋሽ በቀለ ጡሩምባውን ነፋ። ሰዉ መጣ። ደረጀ ከቦሳ ኪቶ ደርሶ ከመኪናው ሲወርድ ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ አንድም እጅ ግን አልደገፈውም። እየጮኸ ብቻውን ገባ። አየሁት። አዝኜለት እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ አላዘንኩለትም። «ገደልካቸው፤ አሁን ደግሞ ታለቅሳለህ» አልኩ በሆዴ። ያኔ ነው አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ትዝ ያለኝ።

ሁለት ሰዓት ላይ ሐጂ ሙዘሚል ድንኳን የሚተክሉ ወንዶች አስከትለው በረንዳዬ ላይ ቆሙ።

«ጥሩዬ፣ ቁልፉን።»

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድንኳን የሚተከለው ለሟች ነው ለሐዘንተኛ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እቴቴ አስካለ ቤታቸው ውስጥ ናቸው፤ ዝናብም ፀሐይም አይነካቸውም። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው ደረጀ ነው። እሱን ደግሞ እጃችንን አውጥተን አስወግደነዋል። ውሳኔው ከተሻረ ይንገሩኝና ልክፈት።»

«አስካለ በራሷ ስም አባል ናት። ድንኳኑ መብቷ ነው።»

«የእሳቸውን መብት እሱ እንዲቀመጥበት አልሰጥም።»

ከወንዶቹ አንዱ «እውነቷን ነው፣ በሕጉማ እውነቷን ነው» አለ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። ሰዉ በደረጀ አሯል፤ ቁጣው ከኔ ጋር ነበር። ሐጂ ግራ ገባቸው።

«ኢጆሌ፣ ሬሳ አስቀምጦ ሕግ አይጠቀስም» አሉ ልጆቹን። «ጥሩዬ፣ ወላሂ ይሄ ጥሩ አይደለም።»

«ጥሩ ያልሆነውን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም።»

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ የሴት አንገት ላይ እጁን የሚልክ ወንድ ደግሞ በሰፈራችን የለም። ትተውኝ ሄዱ። እኔስ ከዚያ ምን አደረግሁ? መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና መስፋት ጀመርኩ። ጎረቤት ሞቶ መኪና መርገጥ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የማውቀውም ስለሆነ ነው ያደረግሁት። የሚሰፋው የማንም ልብስ አልነበረም፤ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ወዲህና ወዲያ እየመለስኩ እረግጠው ነበር። ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ደረጀ ጆሮ ውስጥ እንዲገባ ነበር የፈለግሁት።

እናቴ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ፊቷ አብጧል።

«መኪናውን አቁሚ።»

«እማዬ፣ አንቺ አታውቂም፤ ግቢ።»

«አስካለን አውቃታለሁ» አለችና በረንዳውን ወርዳ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። መኪናውን አቆምኩ። ቁልፉን ግን አልፈታሁም።

ኅዳር ነው፤ ዝናብ የሚጠበቅበት ወር አልነበረም። አምስት ሰዓት ላይ ግን ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። አልቃሹ ከየሰገነቱ ሥር ተጠጋ፤ ቦታ ያላገኘው ግድግዳ ሥር ቆመ። አሮጊቶች ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። ደረጀ በሩ ላይ ወጥቶ ሰዉ በዝናብ እየተደበደበ መቆሙን አየ። ስልኩን አወጣ፣ ደወለ፣ አናገረ፣ ከዚያ ዘጋው። የሚከራይ ድንኳን ሞልቷል፤ ለደረጀ የሚከብድ አይደለም። ግን ሄርማታ ውስጥ በኪራይ ድንኳን የተለቀሰለት ሰው፣ ሰው የሌለው ሰው ነው። እናቱን እንደዚያ ሊያደርጋት አልደፈረም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል በስብሶ እፊቴ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ ጥሩ።»

«አቤት።»

«እኔን ስደቢኝ። ደብድቢኝ። በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ። ድንኳኑን ግን ስጪን።»

«አንተ ገጹን በፈለግህ ጊዜ ለምነህ ወሰድክ። እኔስ የምፈልገውን ለምን አልወስድም?»

«ምንድነው የምትፈልጊው?»

ከመሳቢያዬ ወረቀትና እስክርቢቶ አወጣሁና መኪናው ላይ አስቀመጥኩለት። ከጠዋት ጀምሮ አስቤበታለሁ።

«እናቴ ቤት ውስጥ ተጋድማ?» አለኝ።

«ጣታቸውም እዚያ ቢሮ ውስጥ ተጋድሟል። ጻፍ።»

ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ቃሉን እኔ እየነገርኩት ነው የጻፈው። ፊርማዎቹ ለእድር ስብሰባ የተፈረሙ መሆናቸውን፣ አናቱ ላይ ያለውን እሱ መጻፉን፣ ማንም ነዋሪ ይፍረስ ብሎ እንዳልተስማማ አጻፍኩት። «እናቴን ጨምሮ በል» አልኩት። እዚህ ላይ እጁ ቆመ። ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ ወረቀቱን እንዳያበላሸው በክንዴ ጋረድኩለት፤ ለወረቀቱ አስቤ ነው። «እናቴን ጨምሮ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

እዚህ ላይ ብከፍት ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሌላ ታሪክ ነበር። የምፈልገው ወረቀት ከነፊርማው እጄ ገብቷል። ቁልፉን ፈትቼ ብሰጠው ሁሉም ያልቅ ነበር። ግን ቂም እንደ በርበሬ ነው፤ ሲያቃጥልም ጨምሩልኝ ያሰኛል።

«አልጨረስንም» አልኩት። «ሰዉ ፊት ታነበዋለህ።»

«እትዬ ጥሩ፣ በእግዚአብሔር።»

«ስትቀማን መድረክ ላይ ነበርክ። አሁንም ሰዉ ፊት ይሁን።»

 ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለኝና ወደ እናቱ በር ሄደ። ተከተልኩት። ሐጂ፣ ጋሽ በቀለ፣ እናቴ፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ አለ። ቄሶቹም መጥተው ከደጁ ቆመዋል። አስከሬኑ ሊወጣ ተዘጋጅቷል። ደረጀ ደፉ ላይ ቆሞ «የማነበው አለኝ» አለና ጀመረ። ሲጀምር ድምፁ አይሰማም ነበር፤ «ጮክ በል» አልኩት እኔ ከኋላ። ጮክ አለ። ዝናብ እየመታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። «እናቴን ጨምሮ» የሚለው ጋ ሲደርስ አንዲት ሴት አለቀሰች። ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ከኮታቸው ውስጥ አስገቡት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ሠርጌ ቀንም አልተሰማኝም።

ደረጀ ግን ከደፉ ላይ አልወረደም።

«ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር አለ» አለ። «ገጹን አልሰረቅሁም። እትዬ ጥሩወርቅ ናት በእጇ ቀድዳ የሰጠችኝ። ለተቃውሞ ነው ብዬ ዋሽቻት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እናቴ ልጄ ሌባ ነው ብላ ነው የሞተችው። ይሄን ብቻ ስሙልኝ።»

 ሐጂ ሙዘሚል ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥሩዬ፣ እውነት ነው?»

 «ለተቃውሞ ነው ብሎኝ ነው» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ሰጥተሽዋል?»

«አዎ።»

«ያን ቀን ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽንም?»

 እፍረቴን ለመሸሸግ ስል ቶሎ ብዬ ማተቤን ፈታሁና ቁልፉን አወጣሁ። «ይኸው፣ አሁን እከፍታለሁ» አልኩ። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ለወንዶቹ «ሂዱ አምጡት» አሏቸው።

«አይምጣ» አለ ደረጀ።

ወደ ውስጥ ገባ። ቤቱ ውስጥ የቡና ንግዱ እቃ መቀመጫ የነበረች ክፍል አለች፤ ከዚያ ቡና ሲሰጣ ዝናብ እንዳይመታው የሚሸፈንበትን ትልቅ ሸራ ጎትቶ አወጣ። ገለባና አፈር የተጣበቀበት፣ ጥጉ የተበላ ነው። አንዱን ጫፍ የእናቱ ቤት ሰገነት ላይ ማሰር ሲጀምር ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እናቴ፣ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሁለተኛውን ጫፍ ያዘች። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስትንጠራራ ያየ ሁሉ ተነሳ። ተወግዷል ያልነው ሰው አጠገብ ሄርማታ በሙሉ ቆሞ ገመድ ያስር ጀመር። እኔ ብቻ ቀረሁ።

እቴቴ አስካለ በዘጠኝ ሰዓት ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ሐጂ በግድ «አሁን ድንኳኑ ይተከል» ቢሉ ደረጀ አሻፈረኝ አለ። «እናቴ ከዚህ ሥር ነው የተለቀሰላት፣ ሦስቱም ቀን በዚሁ ይሁን» አላቸው። ሦስቱን ቀን ያ ሸራ ከበረንዳዬ ጎን ተወጥሮ ቆየ። ነፋስ ሲመጣ ይርገበገባል። እናቴ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች፤ ከኔ ጋር አታወራም። እኔ ደግሞ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ላለ ለቅሶ መድረስ አቃተኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወግቼም ተወግቼም ስለነበር ሁለቱንም አልረሳሁም።

አንባቢዎቼ፣ «እሺ ምን አተረፍሽ?» ትሉኝ ይሆናል። አትርፌያለሁ። ወረቀቱን ሐጂ ሙዘሚል ለቢሮው ሰጡት፤ የቢሮው ሰው አንብቦ ስምምነቱን ሰረዘውና እንደገና ስብሰባ ተጠራ። ባለሀብቱ ከዚያ ወዲህ አልታየም። አሁን የፊቶቹ ቤቶች ሰገነታቸውን ይዘው እንዲታደሱ ንግግር ላይ ነው፤ ከጀርባ ለቦዩና ለመጸዳጃው የምንለቀው ቦታ አለ፣ እሱን ተስማምተናል። አሁን የእድሩ መዝገብ ላይ ከገጹ አናት ቀኑና ጉዳዩ ሳይጻፍ ማንም አይፈርምም። መዝገቡን የምይዘው እኔ አይደለሁም፤ ቁልፉንም ጋሽ በቀለ ነው የያዘው። ደረጀ ጥፋቱን አምኖ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ወደ እድሩ ተመልሷል። እኔን ማንም አላስወገደኝም። ሰላም ይሉኛል፣ ልብስ ያሰፉኛል፤ ሰው ሲሞት ግን ማንም በሬን አያንኳኳም።

ትጸጸቻለሽ ወይ ካላችሁኝ፣ በደረጀ አልጸጸትም። ያ ወረቀት ባይጻፍ ዛሬ ይሄን የምጽፈው ከከተማ ዳር ነበር። ጮክ በል ያልኩትንም ዛሬ ብሆን እደግመዋለሁ። ይቅርም አላልኩትም። ግን ቂማችሁን ስታወጡ በመሃል ማን እንደተኛ እዩ እላችኋለሁ። እኔ ደረጀን ለመምታት እጄን የዘረጋሁት በእቴቴ አስካለ ሬሳ ላይ ተንጠራርቼ ነው።

በአርባው ማግስት ደረጀ በራችን ላይ መጣ። እኔን አልፎ እናቴ ክፍል ገባና የተጠቀለለ ነገር አስቀምጦላት ወጣ። ያ ሸራ ነው። እናቴ ናት ለምና ያስመጣችው። ገለባውን ለቅማ፣ በሳሙና አጥባ፣ በረንዳዬ ላይ አሰጣችውና ሲደርቅ አጣጥፋ አልጋዋ ሥር አስገባችው።

«ምን ሊያደርግልሽ ነው?» አልኳት። ከለቅሶው ወዲህ ያናገርኳት መጀመሪያ ነው።

«ስሞት እሱን ወጥሩልኝ» አለች። «ሐጂንም ነግሬያቸዋለሁ። ድንኳኑ እንዳይወጣ።»

ክፍሏን የምጠርገው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሸራውን አንስቼ ሥሩን እጠርጋለሁ፤ ከዚያ እንደነበረ እመልሰዋለሁ።